በመተማ በኩል የሚሻገረው ምንድን ነው? የከረንትን አቅጣጫ ስለማስተማር የቀረበ አስተያየት

መነሻ

ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቴ በፊት ኮኪት አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲ በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚዘልቀው የ230 ኪሎቮልት የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር የሚያልፈው በዚሁ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው፤ ምሰሶዎቹም ለአካባቢው ልጆች እንግዳ አይደሉም። ስለ ኤሌክትሪክ ከረንት ማስተማር በጀመርሁበት ሳምንት አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ መብራቱ ሁልጊዜ ወደ ሱዳን የሚሄድ ከሆነ የእኛ ኤሌክትሮን አያልቅም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ተገቢውን መልስ ግን አልሰጠኋትም። በምትኩ በሰሌዳው ላይ አንድ ባትሪና አንድ አምፖል ሥዬ፣ መጽሐፉ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ የሚሥለው ቀስት ከጥንት የተወረሰ ስሕተት መሆኑን፣ «እውነተኛው» ፍሰት ግን ኤሌክትሮኖች ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ የሚያደርጉት ጉዞ መሆኑን በኩራት አስረዳሁ።

የዚህ ማብራሪያ ዋጋ የታወቀኝ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ መስመር ባልደረሰበት መንደር ቤተሰቦቹ በሶላር ፓኔል ስልክ ቻርጅ እያደረጉ መጠነኛ ገቢ ያገኙ ነበር። ባትሪው ሌሊት ወደ ፓኔሉ እንዳይፈስ የሚከለክለው ዳዮድ በመበላሸቱ ልጁ አዲስ ገዝቶ ራሱ በየደው። የዳዮዱን ቀስት ያዞረው ግን በፖዘቲቩ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሚጓዙበት አቅጣጫ፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ፓኔሉ ነበር። ባትሪው ቀን አልሞላ አለ፤ የነበረውም ሌሊት ጥቂት በጥቂት ወደ ፓኔሉ ፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን ዳዮዱን ይዞ ወደ እኔ መጣና፣ «መምህር፣ እርስዎ እውነተኛው ነው ያሉትን አቅጣጫ ነው የተከተልሁት» አለኝ። አመክንዮው እንከን አልነበረበትም። የዳዮድ ምልክት የተሠራው ስምምነታዊውን ከረንት ተከትሎ መሆኑን ሳልነግረው ያንኑ ከረንት «ውሸት» ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ የሚሣለውን ስምምነታዊ ከረንት እንደ ታሪካዊ ስሕተት፣ የኤሌክትሮን ፍሰትን ደግሞ እንደ ብቸኛ እውነት አድርጎ ማቅረብ በመምህራን ዘንድ የተለመደ አነጋገር ነው። ይህ አነጋገር በፊዚክስ ረገድ ትክክል አይደለም፤ በማስተማር ረገድም ጎጂ ነው። በእኔ እምነት ልንለያቸው የሚገቡን አቅጣጫዎች ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው፤ የከረንት፣ የቻርጅ ተሸካሚዎችና የኃይል አቅጣጫ። የተማሪዋ ጥያቄ መልስ ያለው በሦስተኛው ውስጥ ነው።

«ስሕተት» የሚባለው ስምምነት

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1747 ለፒተር ኮሊንሰን በጻፋቸው ደብዳቤዎች ኤሌክትሪክን አንድ ዓይነት ፈሳሽ አድርጎ በማሰብ፣ የበዛበትን አካል «ፖዘቲቭ»፣ ያነሰበትን «ኔጋቲቭ» ሲል ሰየመ። በጨርቅ የታሸ ብርጭቆ ፈሳሹ የበዛበት ነው ብሎ ገመተ። አንድሬ ማሪ አምፔር እ.ኤ.አ. በ1820 የከረንትን አቅጣጫ ሲወስን ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ የሚሄድበትን አቅጣጫ መረጠ። ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ ከፍራንክሊን ስያሜ 150 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። ፍራንክሊን በታሸው ብርጭቆ ላይ አንድ ነገር ተጨምሯል ብሎ መገመቱ ስለ ተፈጥሮ የቀረበ ግምት ነው፤ ብርጭቆው ኤሌክትሮን ያጣ እንጂ ያገኘ ባለመሆኑ ይህ ግምት ስቷል ማለት ይቻላል። ከሁለቱ የቻርጅ ዓይነቶች አንዱን «ፖዘቲቭ»፣ ሌላውን «ኔጋቲቭ» ብሎ መጥራት ግን ስያሜ ብቻ ነው፤ ስያሜ ደግሞ ይስማማል ወይም አይስማማም እንጂ በሙከራ ውድቅ አይሆንም። ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ የሆነው አንድ ነገር ስለጎደለው አይደለም፤ የስያሜው ዕጣ በዚያ በኩል ስለወጣለት ነው።

ለዚህ የመተማ የሰሊጥ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ነጋዴው 10,000 ብር በእጁ ቢቀበል፣ ወይም 10,000 ብር ዕዳ ቢሰረዝለት፣ የተጣራ ሀብቱ በሁለቱም መንገድ በእኩል መጠን ያድጋል። በአንደኛው ገንዘብ ገባ፤ በሌላው ዕዳ ወጣ። መዝገብ ያዡ ሁለቱንም በአንድ ዓምድ «ገቢ» ብሎ ቢደምራቸው የዋሸ የለም፤ የደመረው የተጣራውን ለውጥ ነውና። ከረንትም እንዲሁ በአንድ የሽቦ ገጽ በኩል በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፈው የተጣራ ቻርጅ ነው። ኔጋቲቭ ቻርጅ ወደ ግራ ሲሄድና ፖዘቲቭ ቻርጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከነምልክቱ አንድ ነው። ስለዚህ ስምምነታዊው ከረንት የሚናገረው ስለ መዝገቡ ነው እንጂ ስለ ተጓዡ ማንነት አይደለም።

በአንድ የሶላር ዑደት ውስጥ ስንት ዓይነት ተጓዥ አለ?

የኤሌክትሮን ፍሰትን ብቸኛ እውነት ለማድረግ የሚሻ ሰው ከላይ የጠቀስሁትን የመንደር ሶላር ከዳር እስከ ዳር ይመርምር። ሽቦው መዳብ ስለሆነ በውስጡ የሚጓዙት በርግጥ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ፓኔሉ ግን የሲሊከን ሴሎች ስብስብ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን በሴሉ ውስጥ ኤሌክትሮንንና «ሆል» የሚባለውን ባዶ ቦታ ጥንድ አድርጎ ይፈጥራል፤ ሁለቱም በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄዱ ለአንድ ከረንት ያበረክታሉ። ሆል እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ ተሸካሚ ሆኖ ይሠራል። በእርሳስና አሲድ ባትሪው ውስጥ ደግሞ በሁለቱ ሳህኖች መካከል ባለው አሲድ ነጻ ኤሌክትሮን የሚባል ተጓዥ የለም። ባትሪው ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ ፖዘቲቭ የሆኑት የሃይድሮጅን አዮኖች ወደ ፖዘቲቩ ሳህን፣ ኔጋቲቭ የሆኑት የሰልፌት ወገኖች ወደ ኔጋቲቩ ሳህን ይሄዳሉ።

ስለዚህ በአንድ ተራ ዑደት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ተጓዦች ይገኛሉ፤ አቅጣጫቸውም የተለያየ ነው። ይሁን እንጂ አምፒርሜትር በዑደቱ በየትኛውም ነጥብ ላይ ቢገባ የሚያነበው አንድ ከረንት ነው። ሦስቱንም በአንድ ስምና በአንድ ቀስት አጠቃልሎ የሚይዘው ሐሳብ «ስሕተት» የተባለው ስምምነታዊ ከረንት ነው። ኤሌክትሮንን ተከትለን የምንሥለው ቀስት ባትሪው በር ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፤ የስምምነቱ ቀስት ግን ዙሩን ይጨርሳል። ለተማሪዬ ይህን ነግሬው ቢሆን ኖሮ ዳዮዱን የሚያዞርበትን አቅጣጫ ከዑደቱ ቀስት ይወስድ ነበር።

ድንበር የሚሻገረው

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ። ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው መስመር የሚያስተላልፈው ተለዋዋጭ ከረንት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። 1 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ባለው የመዳብ ሽቦ ውስጥ 1 አምፒር ቀጥተኛ ከረንት ቢያልፍ የኤሌክትሮኖቹ አማካይ ጉዞ በሰከንድ 0.07 ሚሊሜትር ገደማ፣ በሰዓት 26 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ተለዋዋጭ ከረንት በሆነ ጊዜ ኤሌክትሮኑ ይህን እንኳ አይጓዝም፤ አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ቢከፈል ከሚገኘው ርዝመት ባነሰ ስፋት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። የማስተላለፊያ መስመሩ ሽቦ ከመዳብ ይልቅ አሉሚኒየም ቢሆንም የመጠኑ ደረጃ ከዚህ አይርቅም። እንግዲህ ሸኸዲ አጠገብ ያለ አንድ ኤሌክትሮን ወደ ሱዳን ሊሻገር ይቅርና ከአንድ ምሰሶ ወደ ቀጣዩ ምሰሶ እንኳ አይደርስም። ሽቦው ሲዘረጋ አብረውት የመጡት ኤሌክትሮኖች ዛሬም እዚያው ናቸው።

ወተት የሚናጥበትን ቅል ማሰብ ይረዳል። ቅሉ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ወተቱ ከቅሉ አይወጣም፤ የናጪዋ የክንድ ሥራ ግን ወደ ወተቱ ይገባል፤ ቅቤውም ይወጣል። መመላለሱ የሥራው መንገድ እንጂ የሥራው ኪሣራ አይደለም። በማስተላለፊያ መስመርም የሚተላለፈው ኃይል ነው፤ ኃይሉን የሚሸከመው ደግሞ በሽቦዎቹ ዙሪያና መካከል ያለው ኤሌክትሪካዊና ማግኔታዊ መስክ መሆኑን ጆን ሄንሪ ፖይንቲንግ እ.ኤ.አ. በ1884 አሳይቷል። ሽቦው ለመስኩ መንገድ ያሳያል።

«ይህ የሆነው ከረንቱ ተለዋዋጭ ስለሆነ ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ደግሞ በሌላው የአገራችን ጫፍ የተሻለ ማስረጃ አለን። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የተዘረጋው መስመር 1,045 ኪሎሜትር ርዝመት፣ ፕላስና ማይነስ 500 ኪሎቮልት፣ እስከ 2,000 ሜጋዋት የማስተላለፍ ዐቅም ያለው የቀጥተኛ ከረንት መስመር ነው፤ ለኬንያ ኃይል ማቅረብ የጀመረውም በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚህ መስመር ከረንቱ አይመላለስም። በፖዘቲቩ ምሰሶ መስመር ከረንት ከሶዶ ወደ ሱስዋ ይሄዳል፤ በኔጋቲቩ ከሱስዋ ወደ ሶዶ ይመለሳል። ኤሌክትሮኖቹ በሁለቱም የዚህን ተቃራኒ ያደርጋሉ። ማለትም ኢትዮጵያ ኃይል በምትሸጥበት በዚያው ቅጽበት በአንደኛው ሽቦ ኤሌክትሮኖች ወደ ኬንያ፣ በሌላኛው ወደ ኢትዮጵያ ይጓዛሉ። ኃይሉ ግን በሁለቱም በኩል ወደ ኬንያ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ምክንያቱም በአንደኛው ቮልቴጁም ከረንቱም ፖዘቲቭ ናቸው፣ በሌላኛው ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸው፣ ብዜታቸው ደግሞ ያው ፖዘቲቭ ነው።

በአሉሚኒየም ሽቦ ውስጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 1 አምፒር ያልፋል ብለን ብናሰላ ኤሌክትሮኑ በቀን 3 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት ከሶዶ ተነሥቶ ሱስዋ ለመድረስ ከ900 ዓመታት በላይ ያስፈልገዋል። የኬንያው ገዢ ግን የገዛውን ኃይል ያገኘው ሲገዛ ነው። ሒሳቡም የሚሠራው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በኤሌክትሮን ብዛት የሚከፈል ደረሰኝ የለም። እንግዲህ «ኤሌክትሮን ነው እውነተኛው» የሚለው ትምህርት ተማሪውን ከአንድ ስሕተት አውጥቶ ወደ ባሰ ስሕተት ሊከተው ይችላል፤ የምንሸጠውና የምናጣው ኤሌክትሮን ነው ወደሚል። የተማሪዋ ጥያቄ የተወለደው ከዚሁ ነበር።

የተቃራኒው ወገን ክርክር

የኤሌክትሮን ፍሰትን የሚመርጡ ወገኖች ያለ ምክንያት አይናገሩም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኤሌክትሮኒክስ ማሠልጠኛ ሞጁሎች የተዘጋጁት በዚሁ መንገድ ነው፤ የቶማስ ፍሎይድ የኤሌክትሪክ ዑደት መማሪያ መጽሐፍም በሁለት ዓይነት፣ አንዱ በስምምነታዊ ከረንት ሌላው በኤሌክትሮን ፍሰት፣ ታትሟል። የቫኪዩም ቱቦ ጠጋኞች የኤሌክትሮኑን መንገድ መከተል ይጠቅማቸው ነበር፤ በቱቦው ውስጥ ከጋለው ካቶድ ተነሥቶ የሚበረው እርሱ ነውና። የራጅ መሣሪያን ለማስረዳትም ዛሬ ድረስ የምንጀምረው ከኤሌክትሮኑ ነው። በተጨማሪም «በሽቦው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው?» የሚለው የተማሪ ጥያቄ ቅን ጥያቄ ነው፤ በስምምነት ስም ሊዳፈን አይገባም።

በዚህ እስማማለሁ። የተሸካሚው ምልክት የሚለይባቸው ክስተቶች አሉ። ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 ያገኘው ውጤት ዋነኛው ነው፤ ከረንት ያለበት ቀጭን ብረት በማግኔት መስክ ውስጥ ሲቀመጥ በጎኑ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ተሸካሚው ፖዘቲቭ ወይስ ኔጋቲቭ መሆኑን ይናገራል። ለመዳብ ምልክቱ ኔጋቲቭ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ ለሚለበጥበት ዚንክ ግን ፖዘቲቭ ነው። ቶልማንና ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1916 ባደረጉት ሙከራ ደግሞ በብረት ውስጥ የሚጓዙት ኔጋቲቭ መሆናቸውን ሽቦውን አሽከርክረው በድንገት በማቆም አሳይተዋል። እነዚህ ጥያቄዎች ግን የቁስ ፊዚክስ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚጠይቁትም «በዚህ ቁስ ውስጥ ተሸካሚው ማን ነው?» ብለው ነው። የኦም ሕግም ሆነ የኪርኾፍ ሕጎች ይህን ጥያቄ አይጠይቁም፤ መልሱም ውጤታቸውን አይለውጥም። የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ቀስት ለመመለስ መሞከር ነው ክርክሩን የማያልቅ ያደረገው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦችን ለሥራ ባልደረቦቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በዑደት ሥሌትና ተከላ ላይ ስምምነታዊውን ከረንት ያለ ይቅርታ እናስተምር። የዳዮድና የትራንዚስተር ምልክቶች፣ የመለኪያ መሣሪያዎች የቀይና የጥቁር ሽቦ አነባበብ፣ የቀኝ እጅ ደንብ ሁሉ የተሠሩት በእርሱ ነው። ተማሪው ነገ የሚገጥመው ሶላርና የሚጠግነው ማባዣ ማሽን የሚነበበው በዚህ ቋንቋ ነው። «ፍራንክሊን ተሳሳተ» የሚለውን ቀልድ ብንተወው የምናጣው ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው የዑደት ሥዕል ላይ በሦስት ቀለም ሦስት ቀስቶች እንሣል። አንዱ የከረንት፣ ሁለተኛው በየክፍሉ የሚጓዘው ተሸካሚ፣ ሦስተኛው የኃይል። በባትሪና አምፖል ዑደት ከረንቱ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ ኃይሉ ግን በሁለቱም ሽቦዎች በኩል ከባትሪው ወደ አምፖሉ ብቻ ይሄዳል። ይህን ያየ ተማሪ «አምፖሉ ከረንት ይበላል» የሚለው የተስፋፋ የተሳሳተ ግንዛቤ በቀላሉ አይዘውም። ይህ ሥዕል ይህን ግንዛቤ ምን ያህል እንደሚቀንስ በሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ቅድመና ድኅረ ፈተና ሰጥቶ መለካት ለአንድ የማስተርስ መመረቂያ ጥናት የሚበቃ ርእስ ነው።

ሦስተኛ፣ በአማርኛ ስናስረዳ ቃሎቻችንን እንለይ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም ተማሪው ያልገባው ነገር የሚብራራለት በአማርኛ ነው። «ፍሰት» የሚለውን አንድ ቃል ለከረንቱም፣ ለኤሌክትሮኑም፣ ለኃይሉም ስንጠቀምበት ሦስቱ ሐሳቦች በተማሪው አእምሮ ውስጥ ይዋሐዳሉ። «ከረንት»፣ «የኤሌክትሮን ጉዞ» እና «የኃይል ዝውውር» ብለን በቋሚነት ብንለያቸው ብዙ ግርታ ይቀራል። የሕዝቡ አነጋገር በዚህ ከእኛ ከመምህራኑ ይሻላል። «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ኤሌክትሮን አይደለም፤ ስለሚሠራበት ኃይል ነው። መብራት «ሲሄድ» ኤሌክትሮኖቹ በሽቦው ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ፤ የሄደው ሌላ ነው።

መዝጊያ

ያቺን ተማሪ ዛሬ ባገኛት የምመልስላት እንዲህ ብዬ ነው። የእኛ ኤሌክትሮን አያልቅም፤ ምክንያቱም ከአገር አይወጣም፤ በቀጥተኛው መስመር እንኳ በአንዱ ሽቦ የወጣውን ያህል በሌላው ይገባል። የሚወጣው ኃይል ነው፤ እርሱም በዝናብና በወንዝ፣ በግድብና በተርባይን፣ በሰው ድካምም የሚገኝ ስለሆነ ሊያልቅ ይችላል፤ ሊቆጠርና ዋጋ ሊወጣለት የሚገባውም እርሱ ነው። ጥያቄዋ አያስቅም ነበር። «የሚጓዘው ምንድን ነው? የሚሸጠውስ?» ብላ ሁለት ነገሮችን ለመለየት የሞከረችው እርሷ ነበረች፤ በአንድ ቀስት ያደባለቅሁባት እኔ ነኝ። ዳዮዱን የበየደው ልጅም ቀስቱን አዙሮ ከበየደ በኋላ ባትሪው በማግሥቱ ሞልቷል። እኔ ግን ማስተማሪያዬን ለማረም ከዚያ የረዘመ ጊዜ ወስዶብኛል።